ስምን ማን ያወጣዋል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አባባሉ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ባለቤቱን የሚያስረሳ አባባል ነው። እኛ እስከምናውቀው ድረስ ስም የሚያወጡት አያቶች፣ እናቶችና አባቶች፣ አንዳንድ ጊዜም አራስ ሊጠይቁ መጥተው ገንፎ የቀረበላቸው ጎረቤቶች ናቸው። መልአኩ ቢኖርበት እንኳ ሥራው ማጽደቅ ብቻ ይመስለናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ መልአኩ ሳይሆን ስለ ሰዎቹ ለመናገር አስበናል። ይኸውም ሰዎቹ በልጆቻቸው ስም ውስጥ አስቀምጠውልን የሄዱትን ነገር እኛ ተምረናል የምንል ልጆቻቸው እየሣቅን ልንጥለው ስለ ተቃረብን ነው።

ነገሩ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር መምህሩ የስም መዝገቡን ይዞ ሲጠራ፣ ከበደና ታደሰ ሲባል ዝም ያለው ክፍል ሞትባይኖር ወይም ማንያዘዋል ሲባል በሣቅ ይሞላል። ባለስሙ አንገቱን ደፍቶ «አቤት» ይላል። በሁለተኛው ዓመት ሞትባይኖርን ብትፈልጉት አታገኙትም፤ «ሞቲ» ሆኖአል። ሞቲ በኦሮምኛ ንጉሥ ማለት ስለሆነ ሹመት አገኘ ብለን እንዳናጽናናው፣ እርሱ የሸሸው ከሣቁ እንጂ ወደ ዙፋኑ የሄደ አይደለም።

እንግዲህ የምንከራከርበትን ነገር በግልጽ እናስቀምጥ። የነገሥታቱን ታሪክ ጸሐፌ ትእዛዞቻቸው በብራና ጽፈውታል። የየት ዘመቻ፣ የየት ግብር፣ የየት ሹመት በማን ጊዜ እንደ ነበረ ከዚያ እናነባለን። ገበሬው ግን ብራናም ጸሐፊም አልነበረውም። የነበረው ልጅ ነው። ስለዚህ ሐዘኑን፣ ሙግቱን፣ ጥጋቡንና ዛቻውን በልጁ ላይ ጻፈው። በእኛ አስተያየት የአማርኛ ስም፣ በተለይም ለጆሮ እንግዳ የሚመስለው ስም፣ ማንበብና መጻፍ ያልቻለ ሕዝብ የጻፈው ዜና መዋዕል ነው። በዜና መዋዕል የሚሥቅ ተማሪ ደግሞ ቢያንስ አስቀድሞ ሊያነበው ይገባል።

አነባበቡ አስቸጋሪ አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ስም አንድ ቃል መስሎ የተጻፈ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ዐረፍተ ነገር ከሆነ ተናጋሪ አለው፤ የሚነገርለት ወይም የሚነገርበት ሰውም አለ። ስለዚህ አንድ ስም ስንሰማ «ማን ተናገረው? ለማን? ምን በሆነ ጊዜ?» ብለን ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ ብዙውን ጊዜ ስሙ ራሱ ይመልስልናል።

ለምሳሌ ያህል ዓለማየሁን እንውሰድ። ዓለምን ያየው ሕፃኑ አይደለም፤ እርሱ ገና ዓይኑን አልገለጠም። ዓለም አየሁ የምትለው እናቲቱ ናት። ስንታየሁና እጅጋየሁም እንዲሁ የእናት ቃል ናቸው፤ ስንት ነገር እንዳየች ግን ስሙ አይዘረዝርም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል ብላ ትታዋለች። ጥላሁን ሲባል ደግሞ ንግግሩ ዞሮ ወደ ልጁ ነው፤ ጥላ ሁነኝ ማለት ነው። ኑርልኝ ግልጽ ልመና ነው። አንተነህ የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ሲጠበቅ ለነበረ ልጅ በመጨረሻ የተሰጠ መልስ ይመስላል። ወንድማገኘሁን ስትሰሙት ደግሞ ተናጋሪዎቹ ወላጆች እንኳ አይደሉም፤ ከእርሱ በፊት የተወለዱት እህቶቹ ናቸው። በአንድ ልጅ ስም ውስጥ የቤቱ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ይናገራል።

ከቤት ውጭ ላለውም ሰው የተላከ ስም አለ። ማንደፍሮ፣ ማንያዘዋል፣ አትንኩት፣ ይፍሩ የሚሉት ስሞች ከአጥሩ ወዲያ ላለው ባላንጣ የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው። ልጁን በጠሩት ቁጥር ጠላት ይሰማል። «ማንያዘዋል! ጥጆቹን መልስ!» ብሎ መጣራት ማንንም ሳይሰድቡ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው፤ በዳኛም አያስከስስ። ይህን ያህል የረቀቀ የፖለቲካ ዘዴ በየት መማሪያ ክፍል እንደሚሰጥ እኛ አላየንም። ከዚህ የባሱ ቍጡዎችም አሉ። በላቸው፣ ግዛቸው፣ ዳምጠው የሚባሉት በቀጥታ ትእዛዝ የሚሰጡ ናቸው። አሸብር የሚባሉ ወንድሞቻችን ደግሞ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ የአውሮፕላን ጣቢያው ሰው አማርኛ ስለማያውቅ ፈጣሪያቸውን ሊያመሰግኑ ይገባቸዋል። ሙግት የከረመበት ቤት ደግሞ ዳኛቸው፣ ፍርዱ፣ ምስክር ሲል እናገኘዋለን። መሬትና ርስት የሕይወትና የሞት ጉዳይ በሆነበት አገር ይህ ሊያስደንቀን አይገባም።

አሁን ግን ከሣቁ ወደ ልቅሶው እንለፍ፤ ምክንያቱም እንግዳ ከሚባሉት ስሞች ከፍ ያለውን ቦታ የያዙት የሐዘን ስሞች ናቸው። ሕፃናት በብዛት ይሞቱ በነበረበት ዘመን እናት ከአንድ መቃብር ወደ ሌላ አራስነት ትሸጋገር ነበር። ያን ጊዜ የሚወለደው ልጅ ሁለት ሰው ሆኖ ይወለዳል፤ ራሱንና የሞተውን። ምትኩ የእርሱ ምትክ ማለት ነው፤ «የእርሱ» የተባለው ሟቹ ነው። ተካ፣ ተካልኝ፣ ለሴት ልጅም ምትኬ፣ ሁሉም ከዚሁ ቤት ናቸው። ማስረሻ ማለት ማስረሻ ነው፤ ዳሩ ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር መረሳት የሚገባው ነገር ይታወሳል። ካሣ፣ ካሣሁን፣ ካሣዬ ሲባል ወላጅ ከፈጣሪ ጋር የተማገተ ይመስላል፤ ተበድያለሁ፤ ይህ ልጅ ካሣዬ ነው ይላል። ትግርኛ ተናጋሪ ወገናችን ካሕሳይ ሲል በትክክል ይህንኑ ቃል ነው የሚናገረው። ሞትባይኖርም ከእነዚህ መካከል ነው። ሞት ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ዐረፍተ ነገሩ አይጨርሰውም። ጨርሱት ቢባል ማን ይጨርሰዋል? እንግዲህ በክፍል ውስጥ የምንሥቅበት ስም አንዲት ሴት ልቅሶዋን ሳትጨርስ የተወችበት ቦታ ነው።

በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ ልጅ የማይበረክትላቸው ወላጆች ሞትን ለማታለል ይሞክሩ ነበር። ለሕፃኑ ዝቅ ያለ፣ የተናቀ፣ ማንም የማይመኘውን ስም ይሰጡታል፤ ሞት ሲመጣ «ይህማ ምን ይረባል» ብሎ እንዲያልፍ። ስሙ ስድብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፍቅር ነው። ሰም ለበስ የሆነ ቅኔ መፍታት የሚወዱ ጓደኞቻችን ወርቁን እዚህ ይፈልጉት።

ካሣን ስናነሣ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያን ከገዙት ነገሥታት ሁለቱ በዚሁ ስም ነበር ያደጉት። አንዱ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ካሣ ኃይሉ፣ ሁለተኛው በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው የነገሡት ካሣ ምርጫ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ስማቸውን ሲለውጡ አፍረውበት አልነበረም። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ አገሪቱን ያቀናል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ይነገር ስለ ነበር፣ ስሙን መያዝ ዓላማን ማወጅ ነበር። የልጃቸው ስም ግን ዓለማየሁ ሆነ። ያ ሕፃን መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስትወድቅ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በዚያው አገር ሞቶ በዊንድዞር ተቀበረ። ዓለም አየሁ የሚለውን ስም ከእርሱ ጋር ስናስበው ትርጉሙ ይከብደናል። ስም ሲወጣ የሚታወቀው ያለፈው ብቻ ነው፤ የሚመጣውን ባለስሙ ይጨምርበታል።

የጊዜ መቁጠሪያ የሚሆኑም ስሞች አሉ። ልደቱ፣ ጥምቀቱ፣ ፋሲካ፣ ትንሣኤ፣ ሰንበቴ የተባሉት የልደት ቀናቸውን ለማወቅ ወረቀት አያስፈልጋቸውም፤ ዓመቱን ነው እንጂ ቀኑን ስማቸው ይነግራቸዋል። ማለደና ንጋቱ ሰዓቱን ጭምር ይዘዋል። ቸኮለና ዘገየ ደግሞ እንደ ባቡር ጣቢያ መዝገብ ናቸው፤ አንዱ ከቀኑ ቀድሞ ደርሶአል፤ አንዱ አርፍዶአል። ዘነበና ዘነበች ክረምቱን ይመሰክራሉ። እሸቱና ጥጋቡ ጎተራው እንዴት እንደ ነበረ ይናገራሉ። የቅርቡም ዘመን ይህን ልማድ አልተወውም። አብዮት የሚባል ሰው ሲያጋጥመን ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ መወለዱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ወደፊት የታሪክ ተማሪዎች የቀበሌ መዝገቦችን ይዘው የስም ለውጥ በየዓመቱ ቢያጠኑ፣ ድርቅና ጥጋብ፣ ጦርነትና ሰላም በየት አካባቢ እንዳለፈ ብዙ ሊያገኙ እንደሚችሉ እናምናለን።

የቁጥር ስሞችም ለብቻቸው መነሣት ይገባቸዋል። ሺመልስ ሺህ ሰው የሚመልስ ነው። ሽፈራውን ሺህ ሰው ፈርቶታል። ሺበሺና ስለሺም በዚሁ ሂሳብ ነው የሚኖሩት። አባቶቻችን ሺህን የመጨረሻ ብዛት አድርገው ነበር የሚቆጥሩት። በኋላ ግን ዋጋ ሲንር ስምም ናረ መሰለን ሚልዮን የሚባል ስም መጣ። ይህም ስም ከንቱ አልቀረም፤ ሚልዮን ወልዴ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሲድኒ የኦሊምፒክ ውድድር በ5,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ተቀበለበት። ቀጣዩ ቢሊዮን እንዳይሆን የኢኮኖሚ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ያስቡበት።

በአገራችን የቤተሰብ ስም ባለመለመዱ ሌላ አስደሳች ነገር ተገኝቶአል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በስሙና በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። በዚህም ምክንያት የልጅና የአባት ስም ጎን ለጎን ሲቆም፣ አንዳንድ ጊዜ በአጋጣሚ፣ አንዳንድ ጊዜም በአባትየው ብልሃት፣ አዲስ ዐረፍተ ነገር ይፈጠራል። የፍቅር እስከ መቃብርን ደራሲ ስም ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ሐዲስ ዓለም አየሁ ይላል። የገጣሚውና የተውኔት ጸሐፊው የመንግሥቱ ለማ ስም መንግሥቱ መልማቱን የሚያበሥር ዜና ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በሁለት ርቀት ያሸነፈው ምሩጽ ይፍጠር ስሙ ከነአባቱ ሲነበብ ጸሎት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው የዚህ ጥበብ ሊቅ ስለ ነበሩ፣ በመጽሐፋቸው ለበዛብህ እናት የሰጡዋት ስም ውድነሽ በጣሙ ነው። ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. ያሳተመውን ልብ ወለድ አደፍርስ ብሎታል። አደፍርስ በአገር ቤት የሚወጣ እውነተኛ ስም ነው፤ በጥብጥ እንደ ማለት ነው። ሳይደፈርስ አይጠራም የሚለውን ተረት የሚያውቅ አንባቢ ከስሙ ብቻ ብዙ ይረዳል። እንግዲህ ታላላቆቹ ደራሲዎቻችን ያከበሩትን የስም ጥበብ እኛ በክፍል ውስጥ መሣቂያ ስናደርገው ማን ይታዘበናል?

ይህን ስንል ስሞቻችን ሁሉ ነቀፌታ የለባቸውም ማለታችን አይደለም። እህቶቻችን ይፍረዱን። ለወንድ ልጅ ግዛ፣ ምታ፣ ዳምጥ ሲባል ለሴት ልጅ ግን ወርቅ ነሽ፣ ጌጥ ነሽ፣ ውብ ነሽ ይባላል። ወንዱ ሥራ ይሰጠዋል፤ ሴቲቱ ዋጋ ይወጣላታል። ምንትዋብ የሚለው ስም እንኳ ከአድናቆት አያልፍም፤ ባለስሟ እቴጌ ግን በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው ዘመን የመንግሥቱን ሥራ ይዘው ውበት ብቻ አለመሆናቸውን አስመስክረዋል። አሰገደች፣ አሸነፈች፣ በለጠች የሚሉት ስሞች ግን ከዚህ ደንብ ያመለጡ ናቸው። እነዚህን ያወጡ ወላጆች ምን እንዳሰቡ ማወቅ እንፈልጋለን። ዜና መዋዕል እውነትን ከነጉድለቱ ይይዛል፤ ስሞቻችንም ስለ ሴት ልጅ ምን እናስብ እንደ ነበር ሳይደብቁ ይናገራሉ። ጉድለቱን የምናስተካክለው ግን መዝገቡን በማቃጠል አይደለም።

እስካሁን የጠቀስነው አብዛኛው አማርኛ ነው። ዳሩ ግን ይህ የስም ጥበብ የአማርኛ ብቻ ሀብት አይደለም። ዝናብ ሲጥል የተወለደው ልጅ በአማርኛ ዘነበ፣ በኦሮምኛ ሮባ ይባላል። አዲሱ በትግርኛ ሓዱሽ ነው። ይበልጣል የሚለው ስም በኦሮምኛ ጫላ ነው፤ ጫልቱም የምትበልጠዋ ናት። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሜዳው አደይ አበባ በለበሰበት ጊዜ ነበር። አበበ በአማርኛ ማበብ ነው፤ የአባቱ ስም ቢቂላ በኦሮምኛ መብቀል ነው። በቀለ፤ ከዚያም አበበ። ሁለት ቋንቋ፣ አባትና ልጅ፣ አንድ ተክል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የእርስዋም ስም በኦሮምኛ ያው ማበብ ነበር። ከአርሲ በቆጂ አካባቢ የወጡት ሦስቱ እህትማማቾች እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ ደግሞ ሦስቱም የኦሊምፒክ ሜዳልያ አግኝተዋል። ስማቸውን በተራ ብናነበው እጅግ ነገር አየሁ፤ አንቺ ጥሩ ነሽ፤ አንቺም ሀብቴ ነሽ ይላል። እኛ ከዚህ የተሻለ የቤተሰብ ታሪክ በሦስት ቃል ሲጻፍ አላነበብንም።

ወደ ዋናው ክርክራችን የሚያደርሰንም ይኸው የብዙ ቋንቋ ጉዳይ ነው። በአገራችን ከስሙ ጋር ሳይስማማ ወደ ትምህርት ቤት የገባ፣ ሌላ ሰው ሆኖ የወጣ ልጅ ብዙ ነው። አማርኛ ያልሆነ ስም ለመምህሩ አፍ አልመች ሲል፣ ወይም ለሹመትና ለሥራ እንቅፋት ይሆናል ተብሎ ሲፈራ፣ ሌላ ስም ተሰጠው፤ ወይም ራሱ ሳይወድ ወሰደ። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንዳንዱ ሰው ኢትዮጵያዊ ለመባል ስሙን እስከ መለወጥ እንደሚደርስ ጠቅሶ ነበር። ያ ጽሑፍ ያስነሣው ክርክር ዛሬም አላበቃም፤ ስለ ስም የተናገረው ግን እውነት እንደ ነበረ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወላጆች ያሏቸው ጓደኞቻችን ሁሉ ያውቃሉ።

የዚህ ዐይነቱ ነገር ከአገር ሲወጡም ይከተላል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሆነው በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ በተቀበሏቸው ሠራተኞችና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። እናት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያወጣችው ዐረፍተ ነገር በአንድ ጸሐፊ ብዕር ተዘጋ። ካደጉ በኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው የተመለሱ አሉ። የተመለሱበት ምክንያት ለእኛ ግልጽ ነው፤ ሰው በተሰጠው አዲስ ስም ሊኖር ይችላል፤ የእናቱን ድምፅ ግን በዚያ ውስጥ አያገኘውም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትም ወገኖቻችን አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በየራሳቸው የአባት ስም ተጽፈው ሲገኙ ዘመድ መሆናቸውን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። «ስም ለባለስሙ ነው፤ የእናቱን ሐዘን ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ እንዲዞር ማን ፈረደበት?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችንም አጭር ነው። ስሙ የሚያስጨንቀው ሰው ቢለውጠው መብቱ ነው። ካሣ ኃይሉም ለውጠዋል። እኛ የምንቃወመው ለውጡን ሳይሆን አስለዋጩን ነው። ሰው ትርጉሙን አውቆ፣ አስቦ፣ ወድዶ የሚለውጠው ስም ሌላ ነው፤ የመምህር ምላስ ስላጠረ፣ የጸሐፊ ቅጽ ስለ ጠበበ፣ የጓደኛ ሣቅ ስለ በዛ የሚጣል ስም ሌላ ነው። የመጀመሪያው ነጻነት ነው። ሁለተኛው ሽንፈት ነው፤ አሸናፊዎቹም እኛው ነን።

ሌላም የሚሉን ይኖራሉ። «የዛሬ ወላጆች ለጆሮ የሚጥም አጭር ስም ይወዳሉ፤ በዚህ ምን አገባችሁ?» የሚሉ ናቸው። በእርግጥ አያገባንም። ወላጅ ለልጁ የወደደውን ይስጥ። ከመጽሐፍ ቅዱስም ይሁን ከቁርኣን፣ ከፊልምም ይሁን ከኮከብ ይውሰድ። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን እንደ መረጠው በሆነ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የድሮው ስም ታሪኩን በውስጡ ይዞ ይዞር ስለ ነበር ወረቀት አላስፈለገውም። የአሁኑ ስም ግን ብዙ ጊዜ አፉ ዝግ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልጁ ሲጠይቅ የሚመልስለት ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቻችን፣ የተከበራችሁም መምህሮቻችን፣ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ መምህሮቻችን ስም ሲጠሩ ሙሉውን እንዲጠሩ፣ አጠራሩ ከከበዳቸውም ባለስሙን እንዲጠይቁ እንለምናለን። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ይህን ያስተማሩን እነርሱው ናቸው። ማሳጠር የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ክረምት ላይ ወደየቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን እናታችንን ወይም አያታችንን «ስሜን ማን አወጣው? ያን ጊዜ ምን ሆኖ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ይበቃዋል። የአባቶቻችንን፣ የጎረቤቶቻችንን፣ የሞቱትንም ስም እንጠይቅ። የሚነግሩን ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ሁሉንም ላናገኛቸው እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ያገኘነውን በአንድ ገጽ ጽፈን በመስከረም ለዚህ ጋዜጣ እናምጣ። በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ በትግርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሲዳምኛም፣ በወላይትኛም፣ በሶማልኛም፣ በአፋርኛም፣ በጉራጊኛም ያለው ሁሉ ይምጣ፤ ትርጉሙና ምክንያቱ ይጻፍበት። ባለስሙ እንዲታወቅ ካልፈለገ የራሱ ፈንታ ነው፤ ታሪኩ ይበቃናል። የማኅበሩ ማባዣ መኪና ብዙ የስብሰባ ማስታወቂያ አባዝቶአል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የእናቶቻችንን ዐረፍተ ነገር ቢያባዛ ቀለሙ አይባክንም። ከተሰበሰበ በኋላ አንዱን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ እንሰጣለን፤ ከዜና መዋዕሎቹ አጠገብ እንዲቀመጥ እንጠይቃለን፤ ቦታው እዚያ ነውና።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል የምንረዳው ስለ ዝና የተነገረ አድርገን ብቻ ነው። ለምትኩ፣ ለማስረሻና ለካሣ ግን ተረቱ በቁሙ እውነት ነው፤ ስማቸው ከመቃብር በላይ የዋለው ከራሳቸው በፊት የሞተ ሕፃን ስለ ነበረ ነው። ያ ሕፃን ሌላ ሐውልት የለውም።